ከቡና እስከ ቡና
የወተት ላም ኑሮ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አገር

ሌሊቱን በሚዛን ተፈሪ ላይ ተኝቶ ያደረው ጉም ከኮረብታው ሳይነሣ፣ የቡና ቤቶቹም በር ገና እኩሌታው ብቻ ተከፍቶ ሳለ፣ ከከተማው ዳርቻና ከአማን በኩል ቢጫ ጀሪካን የያዙ ሴቶችና ልጆች በእግርም በባጃጅም ይመጣሉ። በጀሪካኑ ውስጥ ያለው ጎሕ ሲቀድ የታለበ ወተት ነው፤ ተቀባዩም ለማኪያቶ የሚፈልገው የቡና ቤት ባለቤት፣ ለልጆቹ የሚፈልገው የመንግሥት ሠራተኛ፣ በወር ሒሳብ የሚከፍለው የኮንትራት ደንበኛ ነው። ወተቱ ተሰፍሮ፣ ዋጋው በእጅ ተቆጥሮ ወይም በደብተር ተጽፎ ካበቃ በኋላ፣ ሴቲቱ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ስትመለስ በመንገዷ ወዳለው መኖ መሸጫ ጎራ ትላለች፤ በጠዋት የተቀበለችው ገንዘብም ብዙውን ጊዜ እዚያው ቀርቶ፣ እርሷ ከግማሽ ጆንያ ፉርሽካ ጋር ወደ ቤቷ ትገባለች።

ላሚቱ እየታለበች፣ ደንበኛም እያለ፣ በቤት ውስጥ ግን ሳንቲም የማይገኝበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ በዚህ አገር ያሉትን አርቢዎች ለጠየቀ ሰው መልሱ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ የመኖውን መወደድ፣ ሌላው የላሙን ዘር ማነስ፣ ሦስተኛው የጾሙን ብዛት ያነሣል። ሁሉም እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ሦስቱ ምክንያቶች ወደ አንድ ነገር የሚመለሱ ይመስለኛል፤ ይኸውም ላሚቱ የምትወልድበት፣ የምትበላበትና የምትነጥፍበት ጊዜ ከአገሩ የዝናብ፣ የቡናና የጾም ዘመን ጋር ሳይስማማ መቅረቱ ነው።

ሁለት ገንዘብ በአንድ ቤት

ደቡብ ምዕራቡ በቡና የታወቀ አገር ነው። የከፋ ደን የዐረቢካ ቡና መገኛ ከሆኑት ስፍራዎች አንዱ መሆኑን፣ የበበቃና የቴፒ ሰፋፊ እርሻዎችም ቡናቸውን ወደ ውጭ አገር የሚልኩ መሆናቸውን ያልሰማ የለም። እንግዳ ሰው የማያስተውለው ግን የቡና ገንዘብ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ መሆኑን ነው። ለቀማው በቆላው ቀደም ብሎ፣ በደጋው ዘግይቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይፈጸማል፤ እሸቱ ወይም ጀንፈሉ ተሸጦ የተገኘው ገንዘብም ለዕዳ፣ ለቆርቆሮ፣ ለልብስ፣ ለሠርግና ለልጆች ትምህርት ተከፋፍሎ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ የቤቱ ኪስ ይሳሳል። ከግንቦት ወዲያ ያለው ጊዜ የዱቤ ጊዜ ነው።

በሰኔና በሐምሌ ዝናቡ ሲበረታ፣ እህል ሲወደድ፣ ልጅ ሲታመም፣ አርሶ አደሩ የቡናውን ፍሬ በዛፉ ላይ ገና አረንጓዴ ሳለ ለነጋዴ ቆርጦ ይሸጣል። ዋጋው በመስከረም ከሚሆነው እጅግ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን የቸገረው ሰው መስከረምን ሊጠብቅ አይችልም፤ ለቀማውም በደረሰ ጊዜ በገዛ ጓሮው የሌላ ሰው ቡና ይለቅማል። እኔ ስለ ወተት ላም ስጽፍ ከሁሉ አስቀድሞ በልቤ ያለው ይህ ነው። በእነዚያ በሦስቱ የክረምት ወራት በየቀኑ ጥቂት ብር የምታስገባ አንዲት ላም፣ ከምትሰጠው ወተት ዋጋ በላይ፣ ቤቱን ያልበሰለውን ቡና ከመሸጥ ትታደገዋለች።

> በክረምት በየቀኑ የሚገባ ጥቂት ብር፣ ቡናን ገና አረንጓዴ ሳለ ከመሸጥ ያድናል።

በአንድ ሰብል ላይ ብቻ የመታመንን አደጋ ይህ አገር በዝንጅብልም አይቶታል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ በተነሣ ጊዜ፣ ማሳቸውን ሁሉ ለዝንጅብል የሰጡ ሰዎች ያለ ዘርና ያለ ገንዘብ ቀርተው ነበር።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ገንዘቦች በአንድ ኪስ ከገቡ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። በብዙ ቤት የቡናው ገንዘብ በባል፣ የወተቱ ገንዘብ በሚስት እጅ ይያዛል፤ ይህ ልማድ ከድሮ የመጣ ነው፣ እኔም መልካም ልማድ ነው እላለሁ። ክፉው ነገር የሚመጣው ቡና ለቃሚ በበዛበት በጥቅምት ባል የወተቱን ገንዘብ ለለቃሚ የቀን ደመወዝ ሲወስደውና፣ ቡናው ከተሸጠ በኋላ ሳይመልሰው ሲቀር ነው። ብድር መሆኑ ታውቆ በደብተር ከተጻፈና በታኅሣሥ ከተመለሰ ላሚቱ ቡናውን አገዘች ይባላል፤ ሳይጻፍ ከቀረ ግን ፉርሽካው ይጓደላል፣ ወተቱ ይቀንሳል፣ በጥር ወር የቤቱ ሰው ሁሉ ላሚቱን «በላተኛ» ብሎ ይወቅሳታል።

ሆድ የሚሞላና ግት የሚሞላ

በወተት ሥራ ከሚወጣው ወጪ የሚበልጠው እጅ የመኖ ነው። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ደግሞ ፉርሽካውና የኑግ ፋጉሎው ከጅማ በኩል ወይም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለው ከአዲስ አበባ ተጭኖ ስለሚመጣ፣ የመኪናው ኪራይ በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ ይጨመራል፤ በክረምት መንገዱ ሲበላሽም ዋጋው በአንድ ሳምንት ይለወጣል። አገሩ ግን ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናብ የማይለየው፣ የተተከለው ሁሉ የሚበቅልበት አገር ነው። እንዲህ ባለ ምድር ላይ ላም በመኖ እጦት ስትከሳ ማየት ያሳዝናል።

ደኑን መንጥሮ ግጦሽ ማስፋት የሚታሰብ አይደለም። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል፤ የቡናውም ሕይወት በእነዚሁ ዛፎች ጥላ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ የሚቀረው መንገድ ሣሩን በጓሮ አሳድጎ፣ አጭዶ፣ ላሚቱ ወዳለችበት በረት ማምጣት ነው። ደሾ ሣር በእርከን ላይና በማሳ ዳርቻ ይያዛል፤ የዝሆን ሣር ፀሐይ በሚያገኝ ድንበር ላይ ተተክሎ፣ ግንዱ እንጨት ሳይሆን ገና ለጋ ሳለ ይታጨዳል። አርቢዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በዚህ ነው፤ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ሲሄድ «አደገልን» ብለው ደስ ይላቸዋል፣ ዳሩ ግን ከዚያ በኋላ ላሚቱ የምታላምጠው ዘንግ ነው። ዴስሞዲየም የሚባለውን የመኖ ተክል ከሣሩ ጋር ያሰባጠረ፣ ሰስባኒያ የሚባለውንም የመኖ ዛፍ በአጥር ላይ የተከለ ሰው፣ በፋጉሎ ከሚገዛው ገንቢ ምግብ ከፊሉን በጓሮው ያገኛል።

የሙዝ ግንድና ቅጠል፣ የእንሰትም ቅጠል በዚህ አገር ሞልቷል፤ በደረቁ ወራትም ነፍስ ያድናል። ነገር ግን አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ ለብቻው ቢሰጥ ሆድ ይሞላል እንጂ ግት አይሞላም። የጠላና የአረቄ አተላ በአንጻሩ መልካም ምግብ ነው፤ ትኩስ ሳለ፣ በልክና ከሣር ጋር ይሰጥ። የቡና ገለፈት በየመፈልፈያው ደጃፍ ተከምሮ ሲታይ በከንቱ የቀረ መኖ ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ካፌይንና ታኒን ከጥቂት በላይ ሲበላ ላሚቱን ከመኖ ያግዳታል፤ ስለዚህ ቦታው የፍግ ጉድጓድ ነው። ከእበቱ ጋር በስብሶ ወደ ቡናው ሥር ሲመለስ ላሚቱ ለቡናው የምትከፍለው ግብር ይሆናል፤ ይህም ትርፍ በወተት ደብተር ላይ ባለመጻፉ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ገንዘብ ሲያጥር መኖ መቀነስ የማይቀር ከሆነ ከማን እንደሚቀነስ ማወቅ ያስፈልጋል። በብዙ ቤት ከሁሉም እኩል ይቀነሳል፤ ፍትሕ ይመስላል፣ ግን ኪሳራ ነው። ከወለደች ገና ሁለት ወር ያልሞላት ላም ወተቷ ወደ ጣራው የሚወጣበት ጊዜ ላይ ናትና፣ በዚያን ጊዜ የተነፈጋትን በኋላ ቢሰጧት እስክትነጥፍ ድረስ ወደዚያው ልክ አትመለስም። ልትነጥፍ የቀረበችው ግን ፉርሽካው ቢቀርባት በሣር ትቆያለች። ጨውና ውሃ ከማንም አይቀነስ፤ ለአንድ ሊትር ወተት ላሚቱ ከ3 እስከ 5 ሊትር ውሃ ያስፈልጋታል፤ ዝናብ በሚዘንብበት አገር ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ ታስረው የሚውሉ ላሞች መኖራቸው የሚያስቆጭ ነው።

የጾምና የፍስክ ሒሳብ

«ጾም ገባ እኮ፣ እትዬ፤ ከሰኞ ጀምሮ ግማሹን ብቻ ያምጡልኝ።» የቡና ቤቱ ወጣት ይህን የሚናገረው በትሕትና ነው፤ ለሰሚዋ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ወተት አምጪዋም ራሷ ጿሚ ናትና አትከራከርም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ረቡዕንና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ጾመ ሐዋርያትን፣ ጾመ ፍልሰታን፣ ጾመ ነቢያትን፣ ነነዌንና ገሃድን ሲቆጥር በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከወተት ይርቃል። በሚዛንና በቴፒ ሙስሊሙና የወንጌል አማኙ ብዙ ስለ ሆነ ገበያው ጨርሶ አይዘጋም፤ ቢሆንም የቡና ቤት ማኪያቶ ሲቀንስ የሁሉም ዋጋ ይላላል።

ላሚቱ ግን ጾም አታውቅም፤ በዐቢይ ጾምም በፋሲካም እኩል ትታለባለች፣ እኩልም ትበላለች። ብልህ አርቢ ግን የላሚቱን የዕረፍት ጊዜ ከሕዝቡ ጾም ጋር ማስማማት ይችላል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ላም የምታረግዘው 280 ቀን ያህል ነው። በሰኔ አጋማሽ የተጠቃች ላም በመጋቢት 20 ገደማ ትወልዳለች፤ ከመውለዷ 2 ወር አስቀድማ መንጠፍ ስላለባት ከጥር 20 ጀምሮ አትታለብም። ዐቢይ ጾም ደግሞ ቀድሞ ቢገባ በየካቲት 1፣ ዘግይቶ ቢገባ በመጋቢት 5 ይጀምራል። እንግዲህ ሰው ወተት በማይጠጣበት፣ ሣርም በሚያንስበት ወራት ላሚቱ አርፋ ሰውነቷን ትጠግናለች፤ በመጨረሻውም የጾም ሳምንታት የሚገኘው እንገር የጥጃው ድርሻ ነው። ዝናቡ መጥቶ ሣሩ ሲለመልም፣ ፋሲካም ሲሆን፣ ወተቷ ወደ ጣራው ይወጣል፤ ቀጥሎ ያለው በዓለ ኀምሳ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ጊዜ። ከዚያ በኋላ ያ የችግሩ ክረምት ሲደርስ ላሚቱ በሙሉ ኃይሏ እየታለበች ታገኘዋለች።

> ላሚቱ የምትነጥፍበትን ወራት የቡናው ገንዘብ ይሸፍነዋል፤ ቡናው የማይደርስበትን ወራት ወተቱ ይሸፍነዋል።

ላሚቱ ከጥር እስከ መጋቢት ስትነጥፍ ቤቱ የቡና ገንዘብ ያለው በዚያን ጊዜ ነው፤ የዕረፍቷን መኖ ከዚያ ገንዘብ አስቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ ይገባል። ሁሉም ላሞች በአንድ ጊዜ ቢወልዱ ግን በየካቲት ቤቱ ደርቆ ደንበኛ ይሸሻልና፣ ሦስት ላም ያለው ሰው ሁለቱን ለመጋቢት፣ አንዷን ለመስከረም ቢያደርግ ይሻላል። ለመስከረም የምትወልደው በታኅሣሥ መጀመሪያ መጠቃት አለባት።

ከጾም የሚተርፈው ወተት ወደ ቅቤ ይሄዳል። ከ16 እስከ 20 ሊትር ከሚሆን ወተት አንድ ኪሎ ያህል ቅቤ ይወጣል፤ አሬራው ለአይብ ይሆናል። በፍልሰታ የተናጠው ቅቤ ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ገበያ ይደርሳል፤ መስቀል ደግሞ በዚህ አገር ያለ ቅቤ የማይውል በዓል ነው። ከዚህም የሚሻለው ቅቤውን ማንጠር ነው። ኮረሪማው ከራሱ ከአገሩ ደን፣ ዝንጅብሉና እርዱ ከጓሮ የሚገኙበት ሰው ንጥር ቅቤውን ወራት አቆይቶ ዋጋው ሲወጣ ሊሸጠው ሲችል፣ ለጋውን በገበያ ቀን ተቻኩሎ መጣሉ ይቈጨኛል።

ጎዳዋ ላም

በ1947 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኢትዮጵያ ከተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም አስተዳደር 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶችን በስጦታ ተቀበለች፤ ዘመናዊው የወተት ሥራም ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለው ደጋ ላይ ተስፋፋ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሰው ልብ ውስጥ የወተት ላም ማለት ያቺ ትልቋ፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሯ ናት። በብድር ገንዘብ ከቢሾፍቱ ወይም ከሱሉልታ በኩል ገዝቶ ወደ ቴፒ ያወረዳት ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያለቅሰው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ሙቀቱ፣ መዥገሩ፣ ጭቃውና ከሁሉም በላይ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው ገንዲ ይጠብቃታልና፤ ላሚቱ ትሞታለች፣ ብድሩ ይቀራል።

በሸኮ ወረዳና በዙሪያው ግን ከጥንት ጀምሮ ከገንዲ ጋር የኖረ የከብት ዘር አለ። ሻኛው እጅግ ትንሽ፣ ቀንዱ አጭር፣ ብዙውም ጎዳ ነው፤ ሊቃውንቱ በምሥራቅ አፍሪካ ከቀሩት ጥቂት ሻኛ አልባ ከብቶች ወገን ይቆጥሩታል። በጊቤ ሸለቆ ከአቢጋር፣ ከጉራጌና ከሆሮ ከብቶች ጋር በቆላ ዝንብ መካከል ውሎ በተጠና ጊዜ፣ ገንዲን በመቋቋም ከሁሉ የተሻለው ይህ የሸኮ ከብት ነበር፤ ይህም ጥናት በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታትሟል። አርቢዎቹ ስለ ወተቱ ይመሰክሩለታል፤ ስለ ጠባዩ ግን «ቁጡ ነው፣ ለመያዝ ያስቸግራል» ይላሉ፤ በዚህና ከሻኛም ከብት ጋር በመደባለቁ ምክንያት ንጹሑ ዘር እያነሰ ሄዷል። ይህ ሀብት በዓይናችን ፊት ሲጠፋ ዝም ማለት በደል ነው።

የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩት መካከለኛውን መንገድ ነው፤ ያገሩን ላም በውጭ አገር ኮርማ ዘር አስጠቅቶ ግማሽ ደም የሆነች ጊደር ማሳደግ። ለዚህ አገር ከሆልስታይን ይልቅ ጀርሲ የሚስማማ ይመስለኛል፤ አካሏ ትንሽ ስለ ሆነ የምትበላው ያነሰ፣ ሙቀትንም የምትችል፣ ወተቷም ቅባት የበዛበት ነው፤ ቅቤ ሻጭ ለሆነ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዝቅተኛው ቆላ፣ ዝንቡ በበረታበት ስፍራ፣ የሸኮዋን ላም እንዳለች መያዝ ይበልጣል።

ሥራ የፈታች ላም

ገንዘብ ያጠረው አርቢ በመጀመሪያ የሚያስበው ሌላ ላም ስለ መግዛት ነው። በረቱን ግን ቢመረምር ከአራቱ የምትታለበው አንዷ ወይም ሁለቱ ብቻ መሆናቸውን ያያል፤ ሌሎቹ አልከበዱም፣ አይታለቡም፣ ይበላሉ። ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ነው፤ ምልክቱም በአንድ ቀን ውስጥ ያልፋል። በጠዋት ያያት ሰው ወደ ማታ፣ በማታ ያያት በማግስቱ ጠዋት ማስጠቃት አለበት፤ ካለፈው የሦስት ሳምንት መኖ በከንቱ ተበላ። ስለዚህ ከወለደች ሁለት ወር ካለፋት በኋላ ማለዳና ማታ ላሚቱን ቆሞ የሚያይ ሰው በቤቱ ያስፈልጋል፤ ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። ደብተሩም ቀላል ነው፤ የወለደችበት ቀን፣ የተጠቃችበት ቀን፣ የምትነጥፍበት ቀን፣ የዕለቱ ወተት።

ተደጋግማ ተጠቅታ ያልያዘች ላም ልትሸጥ ይገባል፤ የምትሸጥበት ጊዜም የገና ወይም የፋሲካ ዋዜማ ነው፣ ሥጋ የሚፈለግበት። ብዙ ሰው «የእናቴ ላም ናት» ብሎ ይራራል፤ ርኅራኄው የተቀደሰ ነው፣ ግን የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚበላው በዚያ በረት ውስጥ ነው።

ብድሩ በማን ዘመን ይከፈል?

ለመኖ የሚሆነውን ገንዘብ ከብድር በፊት በማኅበር ማግኘት ይቻላል። የጉራጌ ሴቶች «ዊጆ» በሚሉት ማኅበር ቅቤያቸውን በተራ እያዋጡ፣ ተራዋ የደረሰላት ሴት በአንድ ጊዜ ብዙ ቅቤ እንድትሸጥ ያደርጋሉ፤ በሚዛንና በቴፒም ዕቁብ ያላቸው ወተት ሻጮች ይህን ቢይዙት የፉርሽካውን ጭነት በጅምላ ለመግዛት ይበቃቸዋል። አበዳሪ ተቋሞች ግን የከበደች ጊደር ለገዛ ሰው ከመጀመሪያው ወር አንሥተው ክፍያ ሲጠይቁ፣ ያልተወለደ ጥጃ ወተት እየጠየቁ ነው። ክፍያው ከወለደች በኋላ ቢጀምር፣ ከፍ ያለውም ድርሻ ቡና በሚሸጥበት በታኅሣሥ ቢሆን፣ ብድሩ ሳይጓደል ይመለስ ነበር።

የክልሉ የእንስሳት ሀብት ሹማምንትም ስለ ዘመናዊ አረባብ ከማስተማራቸው አስቀድመው ሊያደርጉት የሚገባ ነገር አለ። የኮርማው ዘር ከቃሊቲ የማዳቀያ ማዕከል ተነሥቶ እዚህ እስኪደርስ ሕያው ሆኖ የሚቆየው በፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅኑ ባለቀበት ቀን ኮርማ የፈለገች ላም ሦስት ሳምንት ያመልጣታል፣ ያም ጊዜ በሚመጣው ዓመት ከበዓለ ኀምሳ ላይ ይጎድላል። በሰኔና በታኅሣሥ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በቦንጋ ናይትሮጅንና አዳቃይ ባለሙያ እንዳይጠፋ ያድርጉ፤ ለቆላውም ወረዳ ንጹሕ የሸኮ ኮርማዎችን መርጠው በየቀበሌው ያኑሩ።